መልኩን ያየ ሰው

አባቴ የነቢዩን መልክ መናገር ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከቁመት ነው የሚነሡት። «በጣም ረጅም አልነበሩም፣ አጭርም አልነበሩም» ይላሉ፤ ከዚያ በነቢዩ ላይ ሶለዋት፣ የሰላም ምርቃት፣ ያወርዳሉ። ቀጥሎ ትከሻ ይመጣል፤ በሁለቱ ትከሻቸው መካከል ያለው ስፋት። ከዚያ ፀጉር፤ ከርዳዳም ያልሆነ፣ ጨርሶ የተዘረጋም ያልሆነ። ከዚያ ዓይን፤ ጥቁረቱ የጠለቀ፣ ሽፋሽፍቱ የረዘመ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ እንጂ በአየር ላይ ምንም ነገር አይቀርጹም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ድምፃቸውም ዝቅ ይላል። ልጅ ሆኜ ስሰማቸው ነቢዩን በዓይናቸው አይተው የተመለሱ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆችን ቁርኣንና ኪታብ ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ስትሞት እኔ ዘንድ መጡ። የምኖረው መሪ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከልጄ ጋር። ባለቤቴ የሞተው ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። እኔ መገናኛ አካባቢ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ጠዋት በባቡር እሄዳለሁ፣ ማታ በተገኘው ነገር እመለሳለሁ። አባቴ ሲመጡ ቤታችን ድምፅ አገኘ። ጉልበታቸው ለደረጃው እሺ ስለማይል ወደ መስጂድ የሚወርዱት በቀን አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ነው። የመውሊድ ወር ሲገባ የሰፈሩ ሰዎች ከሶላት በኋላ ከበዋቸው ይቀመጡና ሸማኢሉን ይጠይቋቸዋል፤ የነቢዩን መልክና ጠባይ፣ ያዩዋቸው ሰዎች እንዳስተላለፉት ማለት ነው። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደግሞ ያንኑ ለልጄ ቤት ውስጥ ይደግሙላታል።

ያኔ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዝም ብላ የምትሰማ ልጅ አይደለችም፤ የተነገራትን ነገር አገላብጣ ካላየች አትለቀውም። አንድ ምሽት አባቴ የአረማመዳቸውን እየነገሯት ነበር። ነቢዩ ሲሄዱ ከቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ወደፊት ዘንበል ብለው፣ እግራቸውን ከመሬት በደንብ እያነሡ ነበር። ሲዞሩ በአንገታቸው ብቻ ሳይሆን በሙሉ አካላቸው ይዞሩ ነበር። ሲያመለክቱ በጣታቸው ሳይሆን በሙሉ እጃቸው ነበር።

«አባባ፣ ፎቶ ከሌለ ይህን ሁሉ በምን አወቃችሁ?» አለቻቸው።

«ያየ ሰው ላላየ ሰው ነገረ። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ነገረ። እንዲህ እየሆነ እኔ ጋ ደረሰ፤ ይኸው አሁን አንቺ ጋ ደረሰ።»

«ሰው ሲያወራ ይጨምራል እኮ።»

አባቴ አልተቆጡም። እንዲያውም ፊታቸው በራ። «ለዚህ ነው የሚጠነቀቁት። በእሳቸው ላይ ያላሉትን መጨመር፣ ያልሆኑትን መጨመር ከባድ ወንጀል ነው። ስለዚህ የሚወዷቸው ሰዎች ያዩትን ብቻ ይናገሩ ነበር። የሽበታቸውን ፀጉር ሳይቀር ቆጥረው ነግረውናል። የወደደ ሰው አያጋንንም ልጄ፤ በደንብ ያያል።»

ከዚያ ልጄን የያዘውን ነገር ነገሯት። ነቢዩ ሲሞቱ የልጅ ልጃቸው ትንሽ ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ፣ ነገርን አሳምሮ መግለጽ የሚያውቅ አጎት ነበረውና ወደ እሱ ሄዶ፣ «የአያቴን መልክ ንገረኝ፤ የምይዘው ነገር እንዲኖረኝ» አለው። አጎቱም አልደከመም፤ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው፣ ከአነጋገራቸው እስከ ዝምታቸው ነገረው።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በሩ አጠገብ ልብስ እያጠፍኩ ነበር።

«እማ፣ አባቴስ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ሰው ነበር» አልኳት።

«እሱን አውቃለሁ። መልኩን ነው።»

«ፎቶው አለ አይደል?» ግድግዳው ላይ የሠርጋችን ፎቶ አለ፤ እኔ ተቀምጬ፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ፣ አንገቱን የሚያንቀው ክራቫት አስሮ።

«ፎቶውን አውቀዋለሁ። ሲሄድ እንዴት ነበር? ሲቆጣስ? ሲስቅ ድምፅ አለው?»

ባለቤቴ የሞተው በጉበት ሕመም ነው፤ ልጃችን መራመድ ሳትጀምር ገብቶ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ። በመጨረሻ ፊቱ ሟሙቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ስለ እሱ ሳስብ የሚመጣብኝ ያ ፊት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰው፣ ያገባሁትን ሰው፣ ያ ፊት ከልሎብኛል። ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዴት ይሏታል? «ሌላ ጊዜ» አልኳትና ልብሱን ይዤ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

እሷ ግን መንገዱን አግኝታለች። በማግስቱ ስልኬን ወስዳ አጎቷ ጋ ደወለች።

አጎቷ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ካራ ይኖራል፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ወንድሙ ሲታመም ሥራውን በፈቃድ ትቶ ሆስፒታል አብሮት የከረመ እሱ ነው። ከቀብሩ በኋላ ግን ራቀን። በየዓመቱ ለዐረፋ ይመጣል፣ በጉን ግቢ ውስጥ ያርዳል፣ ሥጋውን ለእኛና ለጎረቤት ይከፋፍላል፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ይሄዳል። ልጄን ግንባሯን ይስማታል፤ ፊቷን ግን አተኩሮ አያይም። እኔ ይህን ቀዝቃዛነት አድርጌ ወስጄው፣ እኔም ቀዝቅዤበት ኖሬያለሁ።

ልጄ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«አጎቴ፣ የአባቴን መልክ ትነግረኛለህ?»

ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«እናትሽ የለችም እንዴ?»

«አለች። እሷ አልቻለችም።»

«መንገድ ላይ ነኝ፣ እሺ?» አለና ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ፤ አልደወለም። ልጄም ደግማ አልጠየቀችም፤ አንዳንዴ ግን የሠርጉ ፎቶ ሥር ቆማ አገኛት ነበር። አንድ ሐሙስ ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስረዘመም። «እሑድ እንጦጦ ይዣት ልውጣ? አንቺም ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለኝ። ሁለቱ ወንድማማቾች ያደጉት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ተራራው ግርጌ ነው። እሺ አልኩት።

እሑድ ጠዋት ሊወስደን መጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ አመነታ። አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጠሩት።

«ና ግባ ልጄ። ልትነግራት ነው አሉ?»

«አባባ፣ እኔ መናገር አልችልም። እርስዎ እንደሚናገሩት ዓይነት ነገር ከእኔ አይወጣም።»

«ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ፣ ኋላ ላይ ግለጻቸው ቢሉት አልችልም ብሏል። ለምን ብትል፣ ከአክብሮቱ የተነሣ ዓይኑን ሞልቶ አይቷቸው አያውቅም ነበር። አለመቻል ነውር አይደለም። አንተ ግን ወንድምህን ዓይንህን ሞልተህ አይተኸዋል። ስለዚህ የምትነግራት አማና፣ አደራ ነው። ያላየኸውን አትጨምርባት፣ ያየኸውን አትቀንስባት።»

አጎቷ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «እሺ» አለ።

ፈረንሳይ ከታክሲ ወርደን ሽቅብ በእግራችን ያዝነው። የወላጆቻቸው ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶበታል፤ ቆም ብሎ አየውና አለፈ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ይወርዱ ነበር፤ ከእነሱ መሀል የድሮ ጎረቤቶቹ የሆኑ ሁለት ሰዎች አቅፈው ስመውታል። ወደ ላይ ስንወጣ ቤቱ እየሳሳ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ እያለ ሄደ። ሯጮች በአጠገባችን ሽው ብለው ያልፋሉ። እሱ እየጠቆመ፣ «እዚህ ኳስ እንጫወት ነበር»፣ «እዚያ ጋ ምንጭ ነበር» ይላል፤ ስለ ሰውዬው ግን ምንም። ልጄም አልጠየቀችውም። ከፊቱ ትሄዳለች፣ ስትደክም ትጠብቀዋለች። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ለዚህ ዝምታ ነው እንዴ ሽቅብ የምለፋው እያልኩ ነበር።

ከላይ ደርሰን ተቀመጥን። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ኮተቤ፣ ካራ፣ ከዚያ ወዲያ የአያት ኮንዶሚኒየሞች እንደተደረደረ ሳጥን ይታያሉ። ልጄ ቤታችንን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ይዘነው የወጣነውን ዳቦ በላን። አጎቷ ከተማውን ያያል እንጂ ወደ እሷ አይዞርም። በመጨረሻ፣ «እንውረድ» አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ልጄ ቀደመችን። አፈሩ ይንሸራተታል፤ እሷ ግን አልፈራችም፤ ዘንበል ብላ፣ ቀኝ ትከሻዋን አስቀድማ፣ እጆቿን ሳታወዛውዝ ፈጠን ፈጠን እያለች ትወርዳለች። ከአጠገቤ ሲሄድ የነበረው አጎቷ በድንገት ቆመ። ዞር ብዬ ሳየው የባሕር ዛፍ ግንድ ይዟል።

«አመመህ?» አልኩት።

«እይ አካሄዷን» አለ። «እይማ።»

አየሁ። ልጄን በየቀኑ አያታለሁ፤ እንደዚያ ስትሄድ ግን አላየሁም፣ ወይም ሳይ አላየሁም። የአባቷ ትከሻ ትዝ አለኝ። የሰው ትከሻ እንዴት ይረሳል?

አጎቷ እዚያው ዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ ጠራት። ሽቅብ ተመልሳ መጥታ ፊቱ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀና ብሎ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«አባትሽ ቁልቁለት ሲወርድ እንደዚህ ነበር» አላት። «ቀኝ ትከሻው ይቀድማል። ከኋላው ስሄድ የማየው ትከሻውን ነው።»

እሷ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ጀመረ።

«ረጅም አልነበረም። ከእኔ ያንሳል።»

«ፎቶው ላይ ረጅም ነው።»

«እናትሽ ስለተቀመጠች ነው።» እኔን አየኝ፤ ሁለታችንም ሳንፈልግ ፈገግ አልን። «ፀጉሩ ከፊት ቀድሞ ሳስቶ ነበር፤ ለዚህ ነው ኮፍያ የማይለየው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር እዚህ አውራ ጣቱ ላይ የተቃጠለ ጠባሳ አለው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ስልክ ሲያወራ የማያውቀው ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስለዋል። ሲስቅ ግን ድምፅ የለውም። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እንባው ይወርዳል። ውሻ ይፈራ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ ውሻ ካለ በሌላ መንገድ ነው የሚዞረው።»

«ይቆጣል?»

«ይቆጣል። ቶሎ ይቆጣል። ግራ ጆሮው ይቀላል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ሲመለስ ሙዝ ይዞ ይመጣል። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል።»

ሙዙን ረስቼው ነበር። ሙሉ በሙሉ ረስቼው ነበር። በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመት ቤታችን ሙዝ አይጠፋም ነበር። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ልቅሶም ሳቅም የሆነ ነገር አወጣሁ።

«ልጆች ሆነን አንዴ በቡጢ መትቶኝ ይህን ጥርሴን ነቀለው» አለና ከንፈሩን ገልጦ ጎደሎውን አሳያት።

«እሱን እንኳ ብትተወው» አልኩት።

«አባባ አትቀንስ ብለውኛል።»

ልጄ ጥርሱን በጥንቃቄ አየችው፤ እንደ ትልቅ ነገር። ብዙ ነገራት። የጎረቤት መብራት በነፃ እንደሚቀጥል፣ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ለመነሣት ሰነፍ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመት ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው እንደሚነሣ። እንደዚህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቃሉን እየመረጠ፣ እርግጠኛ ያልሆነበት ቦታ እየቆመ፣ «ይህን አላየሁም፣ ሰምቼ ነው» እያለ።

ከዚያ ልጄ ጠየቀችው። «እኔን ያውቀኝ ነበር? ማለቴ... አድጌ ስሄድ፣ ስሮጥ አይቶኛል?»

የአጎቷ ዓይን ወደ ከተማው ሄደ። ከዚያ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ «ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ» አለ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ቤት ስንደርስ የዐስር ሶላት ሊደርስ ነበር። አባቴ ተጣጥበው ይጠብቁናል። አጎቷ በር ላይ ሊሰናበት ሲል ልጄ እጁን ይዛ አስገባችው። አባቴ ፊታቸው አስቀመጧት።

«በይ ንገሪኝ። የሰማሽውን።»

ጀመረች። ልክ እንደሳቸው ከቁመት ተነሣች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጠባሳውን፣ ድምፁን፣ ሙዙን፣ ውሻውን፣ የነቀለውን ጥርስ ሳይቀር ተናገረች። አባቴ በየመሀሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ፤ «እኔን ደግሞ በጣም ያየኝ ነበር። ስሮጥ ያየኝ ነበር» አለች።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይህን አጎትሽ ነው የነገረሽ?»

«አይደለም።»

«እናትሽ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ማን አየ?»

ልጄ አንገቷን ደፋች።

«ተይው ልጄ» አሏት፤ በቁጣ አይደለም። «ያየ ሰው እስኪናገር ድረስ ይህን ተይው።»

ልጄ አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ ነው፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። እኔ ነደድኩ። «አባባ፣ ልጅ ናት እኮ! የነቢዩን ሐዲስ አይደለም የምታወራው፣ የአባቷን ነገር ነው!» አልኳቸው። በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን አልመለሱልኝም፤ ወደ በሩ ነበር የሚያዩት። አጎቷ ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ብሎ ነበር። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ጫማውን ትቶ ተመለሰና መሬት ላይ፣ ልጄ አጠገብ ተቀመጠ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ሆስፒታሉ ሕፃን ልጅ ወደ ሕሙማን ክፍል አያስገባም ነበር። ልጄን የምተውበት ሰው ባጣሁ ቁጥር ይዣት እሄድና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀምጣት ነበር። አጎቷ ከላይ ሲወርድ ልጄን እሰጠውና እኔ እወጣለሁ፤ ተራ እንደዚያ ነው የነበረው። ሁልጊዜ ይዘገይብኛል። መድረሴን ደውዬ ነግሬው እንኳ ይዘገያል። ምን እየሠራ ነው እያልኩ ከታች ሆኜ እበሽቅ ነበር።

«ስትደውይ» አለኝ፤ አሁን ለእኔ ነው የሚናገረው፤ «ከአልጋው አንሥቼ መስኮቱ ጋ አቆመዋለሁ። በመጨረሻ ላይ መቆም ስላልቻለ ተሸክሜ ነው የማቆመው። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ያያታል። እሷ እርግቦቹን ታባርራለች። አንድ ቀን ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋለች። ‹እያት፣ ጫማዋን አቀያይራዋለች፤ ስትወርድ አስተካክልላት› አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጫማዋን ነው።»

አስታወስኩ። እየሮጠ መጥቶ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ ተንበርክኮ የልጄን ጫማ ሲያወልቅ አስታወስኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ይህን ሁሉ ዓመት! ለእኔ እንኳ?»

«አንቺ ብታውቂ ሽቅብ ታያለሽ። አንቺ ካየሽ እሷም ታያለች። ‹እኔ ልያት እንጂ በዚህ ፊቴ እሷ አትየኝ› ብሎኛል። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።» ወደ አባቴ ዞረ። ፊቱ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። «አባባ፣ አሁን ቃሌን አፈረስኩ?»

ከታች የዐስር አዛን ተጀመረ፤ አባቴ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«እንዳታየው ነው የፈለገው» አሉ በመጨረሻ። «እንዳትሰማ አይደለም። ደግሞም ያኔ የፈራው ነገር አልፏል። አላህ ይርሐመው።» ከዚያ እጃቸውን ልጄ ራስ ላይ አሳረፉ። «በይ ልጄ፣ ያየ ሰው ተናግሯል። አሁን አስገቢውና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን።»

ፊቷን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። «ረጅም አልነበረም፤ ከአጎቴ ያንስ ነበር...» እኔ እስከ መጨረሻው መቆም አልቻልኩም፤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። አጎቷን ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ላመሰግነውም ፈልጌ ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም። ከውስጥ የልጄ ድምፅ ይሰማኛል። መስኮቱ ላይ ስትደርስ አልቸኮለችም። ጫማው ላይ ስትደርስ አጎቷ አንድ ነገር አረማት፤ ቀለሙን ይመስለኛል።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አጎቷ ይመጣል። ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዴም እራት ይበላል። ብዙ አያወራም፤ ጠባዩ ነው። አባቴ መስጂድ ሲወርዱ ግን የሥራ ተራው ካልሆነ እጃቸውን ይዞ ደረጃውን የሚያወርዳቸው እሱ ነው። ባለፈው የመውሊድ ወር የአባቴ ትንፋሽ አልበቃ ብሎ የነቢዩን ጠባይ ሲናገሩ መሀል ላይ እየቆሙ ነበር። ለራሳቸው ብለው ተቆጥተው እንደማያውቁ፣ ጫማቸውን ራሳቸው እንደሚሰፉ፣ ለሰው እጅ ሲሰጡ ሰውየው እስኪለቅ እንደማይለቁ። መስጂዱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በጸጥታ ይጠብቃቸው ነበር። አጎቷ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከፊታቸው ሳያነሣ ሲሰማ እንደዋለ ነገረን።

እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ ሌላውን ፊት እያገኘሁት ነው። ስፈልገው አይመጣም፤ ሳልፈልገው ነው የሚመጣው። በቅርቡ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ቆይቶ መጣ፤ የሕንፃው ልጆች እንደ ወትሮው በየቤታቸው ጮኹ። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። መብራቱ ቦግ ሲል በጆሮዬ ያ ወፍራም ድምፅ «ይኸው!» አለ። መብራት በመጣ ቁጥር፣ ራሱ የቀጠለው ይመስል፣ እጁን ወደ አምፖሉ ዘርግቶ «ይኸው!» ይለኝ ነበር። ያኔ ዓይኖቹ ጤነኛ ነበሩ፣ ነጫቸው ነጭ ነበር፤ ኮፍያው ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር።

ቢላዋውን አስቀምጬ ልጄን ጠራኋትና ነገርኳት።